የፈንታነሽ ፍሪጅ

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከበያጁ በስተግራ፣
አንድ ፍሪጅ አለ፤ ቆሞ የሚያጓራ፣
በሩ በመቀነት ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ፣
ከፈንታነሽ ትዳር በላይ ዕድሜ የቆጠረ።
ከላይ ለስላሳ ነው፤ ከታች ውሃ፣ ከታች ቢራ፤
መሃሉ ግን የእኛ ነው፤ የሰባት ሰው አደራ፤
ክዳኑ የተሰነጠቀ፣ አንድ ሰማያዊ ምሳ ዕቃ፣
ሰባት ብልቃጥ የተኛበት፣ ጥጥ ታቅፎ በጥበቃ።
በየብልቃጡ አንገት ላይ፣ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ፣
ስማችን አለ በስክሪፕቶ፣ በመምህር ልየው እጅ ተጽፎ፦
ውዴ። አንጓች። ስማቸው። ዋሴ ባለባጃጁ። እኔ።
ልየው ራሱ።
ሰባተኛው የቄስ ገበዙ ነው፤ ስም የለውም፣ መስቀል ብቻ።

ጧት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ገና ሳይጠረግ፣
ተራ እንጠብቃለን፣ ሆድ እየገለጥን ጥግ ጥግ።
አንዲት መለኪያ ለሁላችን፤ ሰላምታችን ቁጥር ሆኖ፣
«ስንት ሆነ?» ስንላት፣ ውዴ ድምጿ ታፍኖ፣
«ሦስት መቶ አሥር... ሠርግ ነበር፣ የባሌ እህት ልጅ...»
«በቃ፣ ጠጁ ገባኝ» ይላል ዋሴ።
ከዚያ ሌላ ሌላው ይወራል፤ በርበሬ ዋጋ ጨመረ፣
የስማቸው ላም ወለደች፣ የአንጓች ልጅ ፈተና ጀመረ።
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አንድ ጊዜ የቄሱን ቀሚስ ጠቀምኩ፤
ገንዘብ አልወሰድኩም፤ እሑድ ስሜን ከቅዳሴው ውስጥ ለቀምኩ።

በሐምሌ መብራት ጠፋ። አንድ ቀን። ሁለት። አራት።
ሲያጓራ የሰለቸን ፍሪጅ፣ ዝም ሲል አስፈራን ያን ለት።
አንጓች ማሰሮ ከቤቷ፣ ዋሴ አሸዋ ከወንዝ ዳር፣
ስማቸው ጆንያ አርጥቦ፣ ከጨለማው ጓዳ ሥር፣
ማሰሮ በማሰሮ ውስጥ፣ መካከሉን አሸዋ ሞልተን፣
በየሦስት ሰዓቱ ውሃ፣ ሌሊቱን በተራ አጠጣን፤
እንደ ችግኝ።
ፈንታነሽ ስኳር የለባትም፤ ከእኛ ወገን አይደለችም፤
የሌሊት ዘጠኝ ሰዓቱን ተራ ግን ለማንም አልሰጠችም።

መስከረም ላይ ደግሞ፣ መድኃኒት ቤቱ «የለም» አለ፤
«መኪናው ደጀን ደርሷል» ሲባል፣ ሰኞም ሮብም ዋለ።
የዋሴ ብልቃጥ ነጠፈ።
ስብሰባ የጠራ የለም። ማታ ሲመጣ ብቻ፣
ከውዴ ብልቃጥ አሥር፣ ከባለ መስቀሉ አሥር፣
ከልየው አሥራ ሁለት፤ «እኔ ዛሬ ብዙም አልበላሁ» ብሎ።
እኔ እውነቱን ላውጣ፤ ብልቃጤን ወደ ብርሃን አንሥቼ፣
ስምንት ነው የሰጠሁት፤ አሥር መስጠት ስችል፣ ሳስቼ።
ዋሴ ሳያውቅ አልቀረም፤ አንድ ቀን ግን አላነሣብኝ፤
ከገበያ ቤቴ ሲያደርሰኝ፣ ዛሬም ሒሳብ አይቀበለኝ።

ልየው የሞተው በጥር ነው፤ ሚስቱ እንቅልፍ መስሏት ሸፍናው።
ብልቃጡ ግማሽ ነበር፤ ከእኛ ማንም አልነካው።
ፈንታነሽ ምሳ ዕቃውን ቅዳሜ ቅዳሜ ስታጥብ፣
ታወጣዋለች፣ ትወለውለዋለች፣
ትመልሰዋለች ከአንጓች አጠገብ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ አንዲት ሴት ከኩች መጣች፣
ልጅ በእጇ ይዛ፣ አቧራ እንደለበሰች፤
«ፍሪጅ አለ አሉኝ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረች።
ምሳ ዕቃው ተከፈተ። ቦታ አልነበረም።
ሁላችን ጫማችንን አየን።
ቄሱ ናቸው ቀስ ብለው፣ የልየውን ብልቃጥ ያነሡ፤
«ጊዜው አልፎበታል» አሉ፣ ዓይናቸውን በኩታ እያበሱ።
ስም ማን ይጻፍ ታዲያ? ጸሐፊያችን እሱ ነበር እኮ።
ስክሪፕቶውን ልጅቷ ያዘች፤ ፊደሏ ገና ሲንገዳገድ፣
ከፕላስተሩ ጫፍ ወጥታ፣ ጻፈችው፦ «ትጓደድ»።

በማግስቱ ስትመጣ፣ ዋሴ ከባጃጁ ወርዶ፣
«ስንት ሆነ?» አላት፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ።
«ዘጠኝ» አለችው።
«በሰኔ አሥር ይሞላኛል።»