የአተላው ደብተር

ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ የያዘ እጁ ሥራ ፈትቶ፣ ቀኑ ቢንዛዛ፣
ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ስመኘው ደብተር ገዛ።
ሽፋኑ ላይ በቀይ፣ በመምህር ቁም ጽሕፈት፣
«የቡና አተላ ለቤት ያለው ጥቅም» አለበት።
ሁለቴ አሰመረ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ይወጣል፤
ቢተው የሚባል የካፌ ልጅ፣ ማሽኑ የተፋውን
በስኳር ላስቲክ ቋጥሮ ያቀብለዋል፤
እሱም ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ፣ የሰው ቅቤ እንደሰረቀ፣
በሳሙና በር በኩል ዞር ዞር እያለ ይመጣል።

ሙከራ አንድ። ማቀዝቀዣው።
የጎርጎራ ዓሣ ሦስት ቀን የከረመበት፣
በሩ ሲከፈት ጎረቤት የሚያስነጥስበት።
በጣሳ አተላ አስቀመጠ። በሦስተኛው ቀን
አሸተተና «ጠፍቷል» አለኝ፣ እንደ ዳኛ ሲበይን።
ልክ ነው፣ ጠፍቷል። አሁን ቅቤው ቡና ቡና ይላል፣
ወተቱም ቡና ይላል። እሱ «ተሳክቷል» ብሎ ጽፎታል።

ሁለት። ጉንዳን።
በጓዳው ደፍ ላይ ጥቁር መስመር አሰመረ፤
«ሽታው አናታቸውን ያዞረዋል» ብሎ አስተማረ።
ጉንዳኖቹ ቆሙ። ግማሽ ሰዓት ያህል መከሩበት፤
ከዚያ በግድግዳው ዞረው ስኳሩን ወረዱበት።
አልተናደደም። «መንገድ አስቀይሯል» ብሎ ጻፈ።
የኔ ሳቅ ግን ያን ዕለት ከጓዳ ተርፎ አጥር አለፈ።

ሦስት፣ ያረረ ድስት። ፈተገው፤ ነጣ።
እውነት ለመናገር ይቺ ሸጋ ናት፤ ዛሬም በሱው ነው የማጥበው።

አራት፣ ጤና አዳሜ። ሥሩ ላይ እርጥብ አተላ ከመረ፤
አተላው ሻገተ፣ ሽበት አወጣ፤ ተክሌ በአሥራ አንድ ቀኑ አረረ።
ይህን አልጻፈም። ጓሮ ቆሞ ሲያየው መሸ።
በማግስቱ ከወይዘሮ አንጓች ቅርንጫፍ ለምኖ፣
እኔ ሳላይ ተክሎ ሸሸ።

አምስት፣ የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ። ስለሱ አናወራም።
ቧንቧ ሠሪው ስንት እንደተቀበለ ለልጆቻችንም አልነገርንም።

ስድስት። የወይዘሮ አንጓች ነጠላ፣ ለሐዘን።
ጥቁር ይሆናል ብሎ ሁለት ሌሊት ዘፈዘፈው፤
ሲያወጣው የነሐሴ ጎርፍ መስሏል።
ግራ ቀኝ አገላብጣ አየችው፤
«ይሁን» አለች፣ «ለሩቅ ዘመድ ይበቃል።»

ሰባት።
እዚህ ላይ ሳቄን ላቁም።

ከአዘዞ ስንመጣ፣ በተጋባን በወሩ፣
በጋሪ ያስገባነው ቁምሳጥን አለ። በሩ ላይ
ክንድ የሚያህል ነጭ ጭረት።
ያን ቀን «በግራ ያዘው» ስል እሱ በቀኝ ይዞ፣
ደጃፍ ላይ ተጣላን፤ የመጀመሪያ ጠባችን።
ባለጋሪው ነው መሐል ገብቶ ያስታረቀን፤
ሒሳቡንም አልቀበል አለ፣
«ይኼ ለመልሳችሁ ይሁንልኝ» ብሎ።

ስመኘው ጥጡን ነከረ። ቀባው፤ ጠበቀ፤ ደግሞ ቀባው።
ጠፋ። ጣቴ ያገኘዋል፣ ዓይኔ ግን አጣው።
«ተሳክቷል» ብሎ ጽፎ፣ ሁለቴ አሰምሮ ተኛ።

እኔን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ተነሣሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጨርቅ፣ ግማሽ ሎሚ።
መብራት አላበራሁም።
በጣቴ እየፈለግሁ አሸሁት፤
ውሾቹ ዝም እስኪሉ፣ ክንዴ እስኪዝል አሸሁት።

ጠዋት መነጽሩን አድርጎ ቆመ።
ጭረቱን አየ።
ገመድ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ አየ፤
የተጨመቀውን ሎሚ አየ። እኔን አላየም።
ደብተሩን ገለጠ፤

«ሙከራ ሰባት፦ ቀለሙ በአንድ ሌሊት ለቅቋል።
ምክንያቱ አልታወቀም።»

ከሥሩ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«አይደገምም።»