ባሕር የማይ መስዬ

በቫልፓራይሶ ዳቦ በኪሎ ነው፣ እንደ ሥጋ፣ እንደ ቅመም፤
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ጀምሮ ቆሜ የምመዝነው እኔ ነኝ ሁሌም።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዶን ፕላሲዶ ሚዛን ዋሽቶኝ አያውቅም፤
አንዲት ቅርፊት ብትጎድል ዝም ብሎ አያልፍም።
ስለዚህ ሚዛን አምናለሁ፤
ሌላው በቅዱሳን ሲምል፣ እኔ በመርፌው እምላለሁ።

የቤቴን ግን በመጋቢት ገዛሁት፤
ስስ መስታወት ነው፣ ነጭ፤ ከሩቅ ሳህን ይመስላል፣ እራት የሌለበት።
ሐኪሟ ናት ያዘዘችኝ፦ "ለጉልበትሽ እዘኚለት፤
ከዳቦው ቀንሺ፣ ዳገቱን በእግርሽ ውጪ፣
ያንን አሳንሰር ለቱሪስት ተዪለት።"

ተውኩት።
መቶ ስድሳ ሦስት ደረጃ ነው ከገበያው እስከ ቤቴ፤
ወጣሁት በየማታው፣ እየቆጠርኩ፣ ከበሮ እየመታ ደረቴ።
ሰማንያኛው ላይ መታጠፊያ አለ፣ ዝገት የበላው መደገፊያ፤
እሱ ነበር የኔ ማረፊያ።
ሰው ሲያልፍ ፊቴን ወደ ወደቡ አዞራለሁ፣
"ምነው ኤርሚንዳ፣ ቆምሽ?" ሲሉኝ
"ባሕሩን እያየሁ" እላለሁ።
የምን ባሕር! ዓይኔ ፊት ጥቁር ኮከብ ነበር የሚበር፤
መርከቡም ክሬኑም አንድ ላይ ይዞር ነበር።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ፣
ጉትቻዬን አውልቄ እወጣበታለሁ፦
ሰማንያ አራት ኪሎ ከሦስት መቶ።
በሳምንቱ፣ ሰማንያ አራት ከሁለት መቶ።
በሳምንቱ፣ ሰማንያ አራት ከአምስት መቶ!
ኧረ ከየት መጥቶ?
ወለሉ ይሆናል ብዬ ወደ ኩሽና ወሰድኩት፤
ባትሪ ቀየርኩ፤ በአንድ እግሬ ቆምኩ፤
አልቅሼም ደግሜ ተመዘንኩ፣ ጥቂት ቢቀንስልኝ እንባዬ።
በመጨረሻ የሁለት ኪሎ ዱቄት አምጥቼ አስቀመጥኩበት፤
"ሁለት" አለ።
አይዋሽም ማለት ነው። ይሄ ነው የክፋቱ ክፋት።

አንተ መስታወት፣ አልኩት፣ ምን ታውቃለህ?
እናቴን ያነሳሁበትን ክንድ ከትላንት ጎመን ጋር ደምረህ
ቁጥር ትተፋለህ።
"ኤርሚንዳ ቀላል ሴት አይደለችም" ይላል ሰፈሩ፤
ይኸው አንተም መሰከርክለት።
በእግሬ ገፍቼ አልጋዬ ሥር ከተትኩት።

በነሐሴ፣ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ፣ አሳንሰሩ ተበላሸ፤
ጋዝ አዳዩ ልጅ ሲሊንደሩን ታች ጥሎ ሸሸ።
ዶኛ ኡባልዲና ላይ ቤቷ፣ በሰማንያ ዓመቷ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣
ምድጃዋ ጠፍቶ።
ማንም የለም። ተሸከምኩት። በቀኝ ትከሻዬ፣ ከዚያ በግራ፤
ያንን ልጅ እየሰደብኩ፣ ከንቲባውን፣ ዝናቡን፣ መንገድ የዘጋችብኝን ድመት፣ በተራ በተራ።
ስድቤን ሳልጨርስ በሩ ላይ ደረስኩ።
"የት የት አረፍሽ፣ ልጄ?" አለችኝ።
አሰብኩ።
የት አረፍኩ?
መታጠፊያውን፣ ያንን ዝገታም ብረት፣
አላየሁትም እኮ። አልፌው ነው የመጣሁት፣
ለስድብ የሚተርፍ ትንፋሽ ይዤ።

ማታ ከአልጋ ሥር ጎትቼ ወጣሁበት፤ ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው።
ሰማንያ አራት። ያው ነው።
ተናደድኩ።
ንዴቱ ግን እርጥብ ክብሪት ሆነብኝ፣ ጫር ብሎ ጠፋ፤
ጉልበቴን በእጄ ዳሰስኩት። ዝም ብሏል። ሳምንት ሆኖታል ዝም ካለ።
ተኛሁ።

በማግስቱ ሰማንያኛው ላይ ሳይደክመኝ ቆምኩ፣
ብረቱን ይዤ። ዝናቡ አባርቷል።
ሁለት ጀልባ፤ አንድ ቀይ የጭነት መርከብ፣ እስከ አንገቱ ጠግቦ ውሃው ላይ የተኛ፤
ከበስተኋላው የማላውቀው ሰማያዊ፣ ለካ እዚህ ሰፈር የነበረ።
የጫማ ሰፊው ልጅ ሲያልፍ "ደከመሽ እንዴ?" አለኝ።
"ባሕሩን እያየሁ" አልኩት።
እሱ እንደ ልማዱ ሳቀ።
እኔ እውነቴን ነበር።