የሐሙስ ሦስት ደቂቃ

ኡርማስ ጡረታ ወጥቶ ቁልፉን ካስረከበ፣
በወንበሩ ላይ የሌላ ሰው ካፖርት ከተደረበ፣
ወር ሞላው።

ኅዳር ነው፤ ኢስቶኒያ፣ ሮማሳሬ ወደብ፣ በዘጠኝ ሰዓት ይመሻል፤
የባልቲክ ንፋስ መስኮቱን ያንኳኳና ይሸሻል።
ማሪካ ከትኬቱ ፕሮግራም ግንድ አንዲት ቅርንጫፍ አየች፣
ስሟ «ሐሙስ» የሚል፣ ሳትዋሃድ የቀረች።
የኡርማስ እጅ ናት፤ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤
አለቃው «ደረቅ እንጨት ነው፣ ይቆረጥ» ብሏታል።

«ከመቁረጤ በፊት ምን ነክቶ ነበር?» አለች፣
ከዛሬው ግንድ ጋር ጎን ለጎን አስተያየች።
ስክሪኑ ደም መሰለ። ሦስት መቶ አርባ ፋይል!
ይህ ተሰርዟል ይላል፣ ያ ተነቅሏል ይላል፤
የክፍያው ገጽ የለም፣ የፊንላንድኛው ትርጉም የለም፣
እሷ አምና ክረምቱን ሙሉ የለፋችበትም የለም።
«አይ ኡርማስ፣ ይህን ሁሉ አፍርሰህ ነው የሄድከው!»
ስልኩን አንሥታ ነበር፤ እጇ መልሶ አስቀመጠው።

ቆየች። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች፤
ግንዱ ነው የራቀው፣ ቅርንጫፏማ ቆማለች!
እሱ ከተለየ ወዲህ የበቀለውን ሁሉ
«ያልነበረን አጠፋህ» ይባላል ወይ? በሉ!
ልኬቱ ከዛሬ አይደለም፣ ከመገንጠያው ጀምሮ፣
ሁለቱ መንገድ ከለዩበት፣ ከዚያች ቋጠሮ።
ሁለቱን ነጥብ ሦስት አድርጋ ትእዛዟን ደግማ ላከች፤
ሦስት ፋይል። ሦስት ብቻ። አንድ በአንድ ከፈተች።

አንዱ የጉዞ ሰሌዳ፤ የሐሙስ ማታ መርከብ
«አስር ከአስር» የነበረው «አስር ከአስራ ሦስት» ይነበብ።
ሁለተኛው ይህንኑ የሚፈትሽ ሙከራ ነው፤
ሦስተኛው ማስታወሻ፣ እሱ ራሱ የጻፈው፦

«የአብሩካዋ ሌይዳ ሐሙስ ሐሙስ ኩላሊቷን ታሳጥባለች፤
አውቶቡሷ መርከቧ ስትነሣ ደጁ ላይ ትደርሳለች።
አለቃን ለመንኩት፤ ‹መርከብ ለአንድ ሰው አይቆምም› አለኝ።
ይህች ቅርንጫፍ እዚህ ትቆየኝ።»

ማሪካ የጉዞ መዝገቡን ገለጠች፤ መቶ አራት ሐሙስ፣
መቶ አራት ጊዜ «ዘገየ»፤ ሦስት ደቂቃ፣ ሌይዳ እስክትደርስ።
ለካ ካፒቴን አርቮ ጉርሻውን ያጣው በዚህ ኖሯል፤
ቃል አልተነፈሰም ሰውየው፣ ፒፓውን ይጠቀጥቃል።

«ይቆረጥ?» የሚለው ጥያቄ ሳጥኑ ውስጥ ብልጭ ድርግም ይላል።
ቀኑ ማን ነው ዛሬ? ሐሙስ። ሰዓቱ አስር ከአስራ አንድ ሆኗል።
ብርጭቆውን በእጅጌዋ ጠረገች፤ የመርከቧ መብራት ገና ከወደቡ አልተነቀለም፤
አንዲት አጭር ሴት ከረጢት ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች።
አትሮጥም።