ያልተላከች ሽማግሌ

ባቱሚ ዝናብ ነው፤ ባሕሩም አኩርፏል፤
ኖዳር ከላማራ መነጋገር ትቷል።
ሰበቡ ተረሳ፤ ኩርፊያው ግን ይበላል፣
ይተኛል፣ ይነቃል፣ ከሁለቱ መሀል።

አንድ ማታ በመስኮት፣ በራሰ ጭራዋ
ገባች አንዲት ድመት፤ ግማሽ ነው ጆሮዋ።
ማንንም ሳትጠይቅ ቤቱን ለካካችው፤
የኖዳርን ኮፍያ አልጋ አደረገችው።

ላማራ አየችና ለድመቷ፦ «በይው፣
ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ብሎ ይብላው።»
ኖዳር ጎንበስ አለ ወደ ግማሽ ጆሮ፦
«ጨው አንሶታል በያት፤ እጇ ግን እንደ ድሮ።»

ሳቅ አፈናት ላማራን፤ አፏን በእጇ ከልላ
«ሳል ነው» አለች ለእሱ፣
ድመቷን ዘልላ።

ጠዋት ግን ሄዳለች።
በአንድ ጃንጥላ ሥር ዝናቡን ዘለቁ፣
በሁለት ስም ሲጠሯት፣ እየተጨቃጨቁ።