ጠብቆ ይነበብ

ቶርኒዮ ድንበር ነች፤ ወንዙን ስትሻገር
ሰዓትህ አንድ ይቀንሳል፤ ስዊድን ነው አገር።
የብረት ፋብሪካው ሌሊቱን ያጉራራል፤
ጭሱ ከሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ ይደርቃል።

ኢንከሪ የሌሊት ተረኛ ናት እዚያ።
ጥር ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ በሥራ ጫማዋ
ቬይዮ ሱቅ ገባች፤ በረዶ ነው ፀጉሯ።
«የሚያምር አትስጠኝ፤ የሚያምር አውቃለሁ፤
ስገርፈው ቅኝቱን የማይለቅ እሻለሁ።
ጋራዣችን ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ ምድጃ፤
በየዘፈኑ መሐል ቁልፍ ጠምዛዥ ብቻ
ሆኜ ቀረሁ።»

ቬይዮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ሦስት ጊታር አወረደ፣ ከግድግዳው ነቅሎ።

ቀዩ፣ ድልድዩ በሞላ ላይ ተንሳፏል፤
ዘንጉን ስትጫነው እንደ ፈረስ ያሽካካል፤
ሲመለስ ግን የራሱን ደጅ ተሳስቶ
ጎረቤት ይገባል፣ እንደ ሰካራም አምሽቶ።

ጥቁሩ ያስፈራል፤ ጫፉ እንደ ጦር ሾሏል፤
ገና ሳይነኩት ፎቶው ብቻ ያጓራል።
ሦስተኛው ክሩ ግን ከአጥንቱ ቦይ ገብቶ
ተነክሶ ይቀራል፤ ቁልፉ ሲዞር ሰምቶ
እንዳልሰማ ሆኖ፤ ኋላ፣ ዘፈን መሐል፣
«ጢቅ!» ብሎ ይዘላል።

የቀረው ቡናማ። ከባድ፣ እንደ በር መዝጊያ።
ማንም አልገዛውም፤ አራት ዓመት እዚያ፣
ከማሞቂያው ማዶ፣ ተሰቅሎ ነበረ፤
አንገቱ አምስት ጣውላ፣ በሙጫ የታሰረ።
ድልድዩ ንቅንቅ አይልም፤ በብሎን ተመቷል፤
ክሩ ከጀርባው ገብቶ፣ እንጨቱን ዘልቆ ወጥቷል።

ወፍራም ክር ጠየቀች። ከወፍራሙም ወፍራም።
አምስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገችው፤
(ቀጭን ክር እዚያ ታች ከወረደማ
ልብስ ማስጫ ገመድ ነው፣ ነፋስ የሚጫወትበት።)
በመዳፏ ጠርዝ አፍና ደበደበችው፤
ክሩን በጣቷ ገፋች፣ እስኪያማት፣ ለቀቀችው።
ከዚያ፦ «ቬይዮ፣ በሩን ክፈት።»

ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ነበር።
«አብደሻል እንዴ? እንጨት ነው እኮ!» ቢልም
ደጃፉ ላይ ይዛው ቆመች፤ አልሰማችውም።
አሥር ደቂቃ። ትንፋሿ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ።
ስትመለስ መርፌው ሽቅብ ሸሸ መጀመሪያ፤
ክሩ ሲሞቅ ጊዜ፣ ዞሮ ገባ ከማደሪያው።
«ስንት?» አለች።
«አራት መቶ ሠላሳ። ማንገቻው በነጻ።»

እዚህ ላይ ልቁም። የነሱም ቋንቋ እንደኛው
ሲላላ ሌላ ነው፣ ሲጠብቅም ሌላ ነው።
«ቱሊ» ላልቶ ሲነበብ እሳት ማለት ነው፤
ጠብቆ፣ ጉምሩክ ነው። በፊደል ስጽፈው
መልኩ አንድ ነው፤ ጉሮሮ ነው የሚለየው።
እኛም «አለ» ስንል፣
ላልቶ፣ የተናገረ፤
ጠብቆ፣ የኖረ፤
ልዩነቱ አንድ ክር፣ አንዴ የተወጠረ።

ታይስቶ፣ ከበሮ መቺው፣ ታኅሣሥ ላይ ምሎ
«እዚሁ እቆያለሁ፣ የት እሄዳለሁ?» አለ።
(ላልቶ ይነበብ።)
በጥር መጨረሻ በሌሊቱ ባቡር
ወደ ሄልሲንኪ ሄደ፤ አንድ ሲምባል፣
አንድ ጓንት፣ እና የማይከፈት ቁልፍ ጥሎ።

ያን ምሽት ብቻዋን ምድጃውን አቀጣጥላ
ቡናማውን አነገተች። ትከሻዋን ቆረጣት።
አንድ ጊዜ መታች፣ ከሁሉም በታች ባለው፤
የቀለም ቆርቆሮው፣ ምስማሩ፣ ሽቦው
ከመደርደሪያው ላይ ተንጫጫ፤
ድምፁ ግን፣ ወፍራሙ፣ ቆመ። አልተንሻፈፈ።
ስምንት ዘፈን ሙሉ ቁልፍ ሳትነካ ተጫወተች፤
መርፌው ከመሐሉ ነው።
አለ።
(ጠብቆ።)

ዘጠነኛው ላይ ጎረቤቷ ራውሃ፣ ሰማንያ ዓመቷ፣
በመጥረጊያ እጀታ ግድግዳውን መታች፣ ቆጥታ፦
ደም! ደም! ደም-ደም! ደም!
ኢንከሪ ልታቆም እጇ ክሩ ላይ ደረሰና፣
አዳመጠች።
ምቱ ልክ ነበር።