ሦስት ሜትር ከአርባ

ከአንድ ጠቦት ዋጋ ባነሰ ገንዘብ
ገዝቼ አመጣሁት፣ ድምፅ ልኮ የሚያዳምጥ፣ ውሃ የሚያነብ።
በቧንቧ ቁራጭ አልብሼ፣ በሽቦ ጠፍሬ
ከቦርከና ድልድይ ሆድ ሥር ሰቀልኩት፣ ከብረቱ አስሬ።
ሥራው ቀላል ነው፤ ገደል አፋፍ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው፣
ማሚቶው ፈጥኖ ከመጣ፣ ውሃው ቀርቦ ነው።

ጋሽ ሙሄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት
ጠዋትና ማታ ወርዶ፣ ቁጥር የተጻፈባትን እንጨት
እያነበበ በካሬ ደብተር ሲመዘግብ የኖረ፣
አየው፣ አንኳኳው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞረ።
«ሌሊትስ?»
«አይተኛም።»
«ምን ይበላል?»
«ፀሐይ።»
«በክረምት?»

ነሐሴ ዘጠኝ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ስልኬ በራ፦
ሦስት ሜትር ከአርባ።
ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ ወጣሁ እየጮህኩ።
ጦይባ የበቆሎ ጆንያዋን ቆጥ ላይ ሰቀለች፣
በጓ ከነገመዷ ወጣች፣
የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ «ከወንዙ ራቁ» አለ፤
እኛ ጋ ጠብታ የለም፣ ኮከቡ እየተንቀለቀለ።
«ላይ ዘንቦ ይሆናል፣ ጦሳ ላይ» ተባለ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቦርከና ከጉልበት አያልፍም፣
ያጉረመርማል እንጂ ማንንም አያሰጋም።
ባትሪዬን ወደ ቧንቧው አፍ አበራሁ።
ሸረሪት! ጤዛ የጠጣ ድር ከዳር እዳር ዘርግታ፣
እሷ ከመሀል ተኝታ።
ድምፁ ውሃ ሳይደርስ ከድሯ ይመለሳል።

ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተሳደበ፣ አንዱ ሊነቅለው ተነሣ።
ጋሽ ሙሄ ወደ እንጨቷ ወረደ። ከደብተሩ ላይ
በማግስቱ አየሁት፦
«ነሐሴ ፱። አርባ ሁለት ሳንቲም። ሸረሪት፣ አንድ።»

ከዚያ ወዲህ በየዐርቡ፣ ከጁምዓ መልስ፣
አየዋለሁ በመጥረጊያ ጭራሮ የቧንቧውን አፍ ሲያብስ።
«አሁን ይናገር» ይላል።

ጳጉሜ ላይ መልእክቱ ደግሞ ሲመጣ
ከሰፈሩ አንድ ሰው አልወጣ።
ሁለት ከአሥር። ሁለት ከሰባ።
እኔም፣ አልዋሽም፣ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ።
ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሙሄ ነው። ከጀርባው የሚያገሳ ነገር።
«ሸረሪት አይደለም» አለኝ፤ ሌላ አልተናገረ።

የጦይባ በቆሎ ግማሹ ሄደ። ሰው አልሄደም።

መስከረም ላይ ደብተሩንና ስልኬን ጎን ለጎን አስቀምጠን
ቀን ከቀን፣ ቁጥር ከቁጥር አመሳከርን።
ሁለት ጣት ያህል ይለያያሉ፣ ሁልጊዜ።
«ማነው የተሳሳተው?» አልኩት።
ደብተሩን በፌስታል ጠቀለለ፣
«ወንዙ» አለ።