አንድ ደረቅ ቀለበት

ሥራዬ በጆሮ ነው፤ እጅ ኋላ ይመጣል።
ከታቦር ግርጌ ቁጭ ብዬ መንገዱ ይሰማኛል።
ይሄ ሲጥ ሲጥ የሚለው የመምህር ደስታ ነው፣
ክረምቱን ግቢ ቆሞ ዝናብ የደበደበው።
ያ ደግሞ ክርር... ቋ! የሀመሶ ሞተር፣
ካሞራ ገደል ማልዶ ዓሣ ጭኖ ሲበር፣
አሸዋና ቅርፊት ካቴናው ላይ ሲጋገር።

«ቶሎ በል ጎሚስታ፣ ከላይ አፍስስበት፣
ዓሣው ይበላሻል ፀሐይ ከወጣበት!»
አላፈስም።
ባፈር ላይ የፈሰሰ ዘይት ምን ይሠራል?
አሸዋውን አቡክቶ ጥርሱን ይሞርዳል።

መጀመሪያ ላምባ ነው፣ ያረጀ ብሩሽ በእጅ፤
ከዚያ ጨርቅ፤ ከዚያ ፀሐይ። ቸኮልኩ አትበለኝ ልጅ።
ከዚያ መርፌው በወጣ በክሊኒክ ስሪንጅ
በያንዳንዱ ጉልበት ላይ አንዲት ጠብታ እንጂ
ሁለት አይደለም።
ፔዳሉን ወደ ኋላ ቀስ እያሉ ማዞር፣
መቁጠር፣
ሰው ሰላም ቢል እንኳን አንገት ነቅንቆ መቁጠር።
ከዚያ፣ እዚህ ላይ ነው ደንበኛ የሚጣላኝ፣
የቀባሁትን ዘይት መልሼ ስጠርግ ሲያየኝ።
«በከፈልኩበት?» ይላል። እንዴት ብዬ ላስረዳው?
ላይ ላዩን የሚያበራው አቧራ ነው ሚጠራው፤
ሥራ የሚሠራው ውስጥ የገባው ነው፣ የማናየው።

ባለፈው ጥቅምት ሚልካ፣ የላንቃሞ ልጅ፣ መጣች።
ፓርኩ ውስጥ ኮሌታ ሰፍታ ማታ ባራት ትወጣለች።
«ጨለማው መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ይሰማኛል፤
የት እንደ ደረስኩ ሳይቀር ካቴናው ይናገራል፤
ውሻ ያስነሳብኛል፤
ዝም አሰኝልኝ» አለች።

ዝም አሰኘሁት። ደግሞ እንዴት ያለ ዝምታ!
ንፋስ ሳይነካው በፊት ሐይቁ ጠዋት የሚተኛው፣ ያን የመሰለ ጸጥታ።

በማግሥቱ ንጋት ሱቄን ገና ሳልከፍት
እትዬ ፋንታዬ ቆመዋል በሬ ፊት፣
ጫማቸው ሁለት ዓይነት።
«ምን አደረግክብኝ?» አሉ።
«አራት ዓመት ሙሉ ካስፋልቱ መታጠፊያ
ያ ድምፅ ነበር ለኔ የእንቅልፍ መጀመሪያ።
ሲጥ ሲል ወጥ አሞቃለሁ፣ ሲጥ ሲል በር እከፍታለሁ፤
ትላንት ጆሮዬን ይዤ እስከ ስድስት ቆየሁ።
ለካ ልጅቷ ገብታ ተኝታለች በጓሮ በር፣
እኔ ፖሊስ ጣቢያ ስዞር!»

ሳቅ መጣብኝ፤ ዋጥኩት። ፊታቸው አያስቅም ነበር።
ሚልካስ? ያ ሁሉ ውሻ፣ ያ መብራት የሌለው አጥር?
ሁለቱም ልክ ናቸው።
ይህን ደግሞ የትኛው ጋራዥ ነው የሚያስተምር?

ብስክሌቷን መልሳ አመጣች። ካቴናውን ዘርግቼ
ጉልበቱን አንድ በአንድ ቆጠርኩ ተጎንብሼ፦
መቶ ዐሥራ ሁለት።
መቶ ዐሥራ አንዱን ቀባሁ። አንዷን አለፍኳት አውቄ፣
ዘይቱ እንዳይሾልክባት በላምባ ጨርቅ አድርቄ።

ሙያ ነው? አይደለም። ያቺ ቀለበት፣ አውቃለሁ፣
ከእህቶቿ ቀድማ ትበላለች፤ ያኔ በነፃ እተካለሁ፣
አዲሷንም አደርቃለሁ።

ወሬው ደረሰ መሰል፣ ሀመሶ ትላንት ብቅ አለ፣
ሚስቱ ልካው ነው አሉ፤ «የኔም ላይ አንዷን ተዋት» አለ።
«አንተማ» አልኩት፣ «ከሞተርህ ቀድሞ
ሽታህ ቤት ይደርሳል ያረገድክ እንደሆን ወይ ቆሞ።
ይልቅ ካቴናህን ፍታና ላምባ ግዛልኝ።»
ገዛ። እውነቱን ልናገር፣ እኔንም ገረመኝ።

ማታ፣ ባራት ሰዓት ግድም፣ ፍራሼ ላይ ሆኜ፣
እጄ ላምባ ላምባ እየሸተተኝ፣ እንቅልፍ ሳይወስደኝ፣
መንገዱን አዳምጣለሁ።
ባጃጅ ያልፋል። ሰካራም አንድ። ውሻ፣ ግን በሩቁ።
ሦስት ጊዜ ፔዳል፣ ዝም።
ሦስት ጊዜ ፔዳል፣
ሲጥ።

ገባች።